በወንጌል ቅጠል ላይ የተጻፈ መንግሥት

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲጓዙ፣ ሆለታን አልፎ አዲስ ዓለም ትገኛለች። በከተማዋ ያለችው የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ «ንቡረ እድ» ተብሎ ይጠራል። ይህ በየደብሩ የሚታደል ማዕረግ አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው በአክሱም ጽዮን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. አዲስ ዓለምን መናገሻ ለማድረግ አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። አሳባቸውን ለውጠው አዲስ አበባ ላይ ሲረጉ፣ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ለማርያም ተሰጠ፤ ስሙም ሥርዓቱም ከአክሱም ተቀዳ።

ንጉሥ አንድን ደብር «እንደ አክሱም ሁን» ሲለው ምን ሰጠው ማለት ነው? ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባጭሩ ባለቀ። በአሮጌው የኢትዮጵያ ሥርዓት ግን ከስሙ ጋር መሬት አብሮ ይሄዳል፤ ከመሬቱ ጋር ግብር፣ ከግብሩ ጋር ዳኝነት፣ ከዳኝነቱ ጋር የሰው ጉልበት። ይህን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ጠቅልሎ መስጠት ነገሥታቱ ከ700 ዓመት በላይ ሲሠሩበት የኖሩት የአገዛዝ ዘዴ ነው። የንጉሥ ሥልጣን በዚህ አገር በምን ላይ እንደ ቆመ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ዘውዱንና ነጋሪቱን ትቶ የጉልት ሰነዶችን ቢመለከት ይሻለዋል ባይ ነኝ። (የመካከለኛውን ዘመን ዓመታት ከውጭው ታሪክ ጋር ለማስተያየት እንዲመች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ «ዓ.ም.» ያልኩበት የእኛው ነው።)

ጉልት መሬቱ ራሱ አይደለም። መሬቱን የሚያርሰው ባለ ርስት ነው፤ ከአባቱ ወርሶ፣ ከዘመዶቹ ተካፍሎ፣ ለልጁ አውርሶ ይኖራል። ጉልት የሚባለው ያ ባለ ርስት ለመንግሥት ሊያገባው የሚገባውን ግብር የመብላት መብት ነው። ባለ ጉልቱ እህሉንና ማሩን ይቀበላል፤ ሰዉን ለአጥርና ለአዝመራ ሥራ ያዛል፤ ትንንሹን ሙግት ይዳኛል፤ የዳኝነቱንም ገቢ ይወስዳል። በምላሹ፣ መኳንንት ከሆነ ዘመቻ ይወጣል፤ ገዳም ከሆነ ለንጉሡና ለመንግሥቱ ይጸልያል። ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ባለመብቶች ተደራርበው ይኖራሉ፤ አንዱ በማረሻው፣ ሌላው በንጉሥ ቃል። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው አባባል ይህንኑ መደራረብ በልኩ ለመቁረጥ የሞከረ ነው። ክፍፍሉ በተግባር እንደ አባባሉ እኩል ሆኖ አያውቅም።

ነገሥታቱ ለምን ደመወዝ አልከፈሉም? አንዱ ምክንያት የሚከፍሉት ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው። አክሱም የራሷን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ ትመታ ነበር፤ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በአገር ውስጥ የተመታ ገንዘብ የለም። መገበያያው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ብረት ነበር። ግብር የሚከፈለው በገብስ፣ በጤፍ፣ በማርና በከብት ነው። ገብስ ደግሞ በአህያና በበቅሎ ገደል ለገደል ሲጓጓዝ ከጥቂት ቀን መንገድ በላይ አያዋጣም፤ ጫኙ በመንገድ ላይ በልቶ ይጨርሰዋል። እህሉን ወደ ባለሟሉ ከማምጣት ባለሟሉን ወደ እህሉ መላክ ይቀላል።

ሌላው ምክንያት ንጉሡ አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። ከላሊበላ በኋላ እስከ ጎንደር ድረስ አብዛኛው የቤተ መንግሥት ኑሮ በድንኳን ነበር። ሠራዊቱ ያለበትን አካባቢ እህል ሲጨርስ ሰፈሩ ይነቀላል። ንጉሡ ዛሬ በሸዋ ከሆነ የከርሞው መኸር በጎጃም ሊያገኘው ይችላል። በሄደበት ሁሉ የሚቀርለት ነገር ቃሉ ነው። ቃሉ ደግሞ ከሰሚው ጋር ይሞታል፤ ካልተጻፈ።

አሁን አንዱን ሰነድ ቀረብ ብለን እንመልከት። ለብቻው የተጠቀለለ፣ ማኅተም የተንጠለጠለበት ብራና አይደለም። የአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤያቸውን በሰም አትመው ለባለመብቱ ይሰጡ ነበር፤ የእኛዎቹ በአብዛኛው ያስጻፉት በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ውስጥ ነው። አራቱ ወንጌላት ተጽፈው ሲያልቁ ባዶ ቅጠል ይተርፋል፤ በማቴዎስና በማርቆስ መካከል፣ በመጨረሻው ገጽ፣ ወይም በኅዳጉ። የንጉሡ ስጦታ እዚያ ይሰፍራል። ምርጫው የብልህ ነው። ወንጌል በደብሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚጠበቅ መጽሐፍ ነው፤ እሳት ቢነሣ መጀመሪያ ተይዞ የሚወጣው፣ ጦር ቢመጣ መጀመሪያ የሚደበቀው እሱ ነው። በላዩ የተጻፈውን መፋቅ ወንጌልን መፋቅ ነው።

አጻጻፉም የተወሰነ ወግ አለው። በሥላሴ ስም ይጀምራል። ንጉሡ «እኔ» ብሎ ሁለት ስሙን፣ የተወለደበትንና የነገሠበትን፣ ይጠራል። ከዚያ መሬቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቀጥሎ ዘመኑ፣ በዓመተ ዓለም ወይም በዓመተ ምሕረት፣ አንዳንዴም ወንጌላዊው ተጠቅሶ ይገባል። የምስክሮች ዝርዝር ይከተላል፤ የዚያን ጊዜ ሹማምንት እነማን እንደ ነበሩ በስምና በማዕረግ። መጨረሻው ውግዘት ነው። ይህን ስጦታ የሻረ፣ ንጉሥም ይሁን ሹም፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። የሰነዱ አስከባሪ ይህ እርግማን ነው፤ ከሱ ሌላ ፖሊስ የለውም።

ላሊበላና ማግና ካርታ

ከእነዚህ ሰነዶች ከታወቁት አንዱ የንጉሥ ላሊበላ ነው። በዛሬዋ ኤርትራ፣ በሽመዛና ባለው በሐም ደብረ ሊባኖስ ገዳም፣ ወንጌለ ወርቅ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ዘመኑ 1225 ነው። ላሊበላ በንግሥ ስሙ ገብረ መስቀል ተብሎ ለገዳሙ ጉልት ይሰጣል። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የወንጌለ ወርቁን ሰነዶች በ1901 አሳትሟቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የዛጉዌን መንግሥት የሚያጠና ሁሉ መጀመሪያ የሚገልጠው እነሱን ነው።

በዚያው በ1225 በእንግሊዝ ሄንሪ ሦስተኛ ማግና ካርታ የሚባለውን ቃል ኪዳን አድሶ አወጣ። የመጀመሪያው ማግና ካርታ ከ10 ዓመት በፊት፣ በሰኔ 1215፣ መኳንንቱ ንጉሥ ጆንን በራኒሚድ ሜዳ አስገድደው ያስቀበሉት ነው። የሮማው ፖፕ ኢኖሰንት ሦስተኛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሻሩት፤ በኋላ ግን ጆን ሲሞት በልጁ ዘመን ተሻሽሎ ወጣ፤ የ1225ቱ ጽሑፍም ጸንቶ የኖረው ሆነ። ሄንሪ ያንን ያደረገው በነጻ አልነበረም፤ መኳንንቱና ሕዝቡ በምትኩ ግብር ሊከፍሉለት ተስማምተዋል። «ያለ ሕግ አታስረንም፣ ያለ ፍርድ ንብረታችንን አትወስድም» የሚል ቃል አገኙ፤ እሱም ብር አገኘ።

ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ዓመት ይጻፉ እንጂ የተጻፉበት አቅጣጫ ይለያያል። ማግና ካርታ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ተገዢዎች ተባብረው ንጉሡን ያስሩታል። የላሊበላው ሰነድ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ንጉሡ በፈቃዱ ይሰጣል። ሰጪ ባይኖር መብቱ የለም። በእኛ ዘንድ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። መብትህን የምታሳየው «ማን ሰጠህ?» ተብለህ ስትጠየቅ የሰጪውን ስም በመጥራት ነው።

ሆኖም ነገሩን እዚህ ላይ ትቶ «የእኛ ነገሥታት ገደብ አልነበራቸውም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የጉልት ሰነድ ገደብ አለው፤ የሚያርፈው ግን በንጉሡ ሹሞች ላይ ነው። ጉልት ሲሰጥ መሬቱ ከመንግሥት ሹማምንት እጅ ይወጣል፤ የአገሩ ሥዩም፣ ግብር ሰብሳቢው፣ የንጉሥ መልእክተኛ ወደዚያ መሬት እንዳይገባ፣ እንዳይቀማ፣ እንዳይዳኝ ይከለከላል። ገዳሙ በዚያ ክልል ውስጥ ራሱ መንግሥት ይሆናል። ንጉሡ ቆርሶ የሰጠው ከገዛ አስተዳደሩ ነው ማለት ነው።

ለታሪክ አጥኚ ደግሞ ይህ ክልከላ የተቀበረ ሀብት ነው። የመካከለኛው ዘመን መንግሥት ምን ዓይነት ሹመቶች እንደ ነበሩት የሚነግረን የተሟላ መዝገብ የለም። ዐቃቤ ሰዓት፣ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ጻሕፈ ላም፣ ባሕር ነጋሽ የሚሉት ማዕረጎች የትኛው መቼ እንደ ነበረና በማን እጅ እንደ ነበር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከጉልት ሰነድ ነው፤ ወይ በምስክርነት ከተቆጠረው፣ ወይ እንዳይገባ ከተከለከለው። መንግሥቱን የምናውቀው በሩ ላይ ከቆመውና በሩ ከተዘጋበት ሹም ነው።

የተተወ ስም

ሰነዱ ንጉሡን ካላጠናከረ ነገሥታቱ ይህን ያህል ባልተጠቀሙበት ነበር። በ1270 ይኩኖ አምላክ ከዛጉዌ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አዲሱ ሥርወ መንግሥት ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየሰፋ ሄደ። የልጅ ልጁ ዐምደ ጽዮን (1314–1344) በነገሠ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ዳሞትንና ሐዲያን ወጋ። ይህን የምናውቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል ላይ በሰፈረ የዘመኑ ማስታወሻ ነው፤ ንጉሡ ራሱ እየተናገረ፣ እግዚአብሔር የዳሞትን ሕዝብ ከነገዥዎቹ በእጁ እንደ ጣለለትና ብዙውን ሰው ወደ ሌላ አገር እንዳፈለሰው ይገልጻል።

ያ ዳሞት ዛሬ በጎጃም ካለው ዳሞት የተለየ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያስቀምጡት ከዓባይ በስተ ደቡብ ነው፤ የአምቦና የጉደር አገር፣ የዛሬው ምዕራብ ሸዋ፣ በዚያ ግዛት ውስጥ ወይም ደጃፉ ላይ ነበር። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ሞተለሚ ተብሎ የሚታወቀው ገዥ የዚያው የዳሞት ንጉሥ ነው። እንግዲህ ይህ አገር በሰሜኑ የወንጌል ቅጠል ላይ ሲገባ፣ እንደ ተማረከ አገር ሆኖ ነው የገባው። ተሸናፊው የራሱን የጻፈው የለም።

በዚያው በዐምደ ጽዮን ዘመን በትግራይ የሆነው ነገር ደግሞ ሰነድ ምን ያህል የፖለቲካ መሣሪያ እንደ ነበር ያሳያል። የእንደርታ ገዥ የነበረው ያዕቢከ እግዚእ በ1318 ወይም በ1319 መሬት ሲሰጥ በሰነዱ ላይ የንጉሡን ስም ሳይጠቅስ ቀረ። ለእኛ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የጸሐፊ መርሳት ልንለው እንችል ይሆናል። የዚያ ዘመን ሰው ግን ትርጉሙን ያውቀዋል፤ የሰጪውን ስም መተው «ሰጪው እኔ ነኝ» ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ገዥው በይፋ ሸፈተ። ዐምደ ጽዮን ሄዶ ሰበረው፤ አገሩንም ለንግሥቲቱ ለብሌን ሳባ ሰጠ።

ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ይህን ትምህርት በሚገባ የተማረ ንጉሥ ይመስለኛል። ሥርዓተ ንግሡን በ1436 በአክሱም ፈጸመ፤ ገዳማትን በስጦታ አሰረ፤ የአገር ገዥዎችን እየነሣ ሴቶች ልጆቹን በየግዛቱ ሾመ፤ በእነሱም ስላልረካ ጥቂት ቆይቶ ተጠሪነታቸው ለእሱ ብቻ የሆነ ሹሞችን አስገባ። የሸዋው ደብረ ሊባኖስ ገዳም፣ ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በእሱ ዘመን ነው። ልጁ በእደ ማርያም ግን ሲነግሥ ብዙውን ወደ ነበረበት መለሰ። ሹመት እንዲህ በቀላሉ ይነሣል፤ በወንጌል ላይ የተጻፈ ጉልት ግን ለመንሣት እርግማኑን መዳፈር ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሥታቱ ከመሻር ይልቅ «ማጽናት» የሚባለውን ዘዴ ያዙ። አዲስ ንጉሥ ሲነሣ ገዳማቱ የአባቱን ስጦታ እንዲያጸናላቸው ይሄዳሉ፤ እሱም ያጸናል፤ በማጽናቱም ሰጪነቱን በራሱ ስም ያድሳል።

ሰነድ ይህን ያህል ዋጋ ካለው አስመስሎ የሚጽፍ መኖሩ አይቀርም። «መጽሐፈ አክሱም» በሚባለው ውስጥ ለጽዮን መሬት የሰጡት አብርሃና አጽብሐ ናቸው የሚል ጽሑፍ አለ። በ4ኛው መቶ ዓመት ነገሥታት ስም የተጻፈ ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ብዙ ቆይቶ የተደረሰ መሆኑን ይስማሙበታል። ይህ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ምዕራቡን ዓለም ከንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እንደ ተቀበለች የሚያሳይ ሰነድ ለብዙ መቶ ዓመታት ስትጠቅስ ኖራ፣ በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የተባለ ሊቅ ላቲኑን መርምሮ ሐሰተኛነቱን አጋለጠ። ዘርዐ ያዕቆብ ያኔ በዙፋኑ ላይ ነበር። እኔ በእነዚህ ጽሑፎች አልሥቅም፤ ሐሰተኛው ሰነድ ሰዎች ምን ዓይነት ማስረጃ ያምኑ እንደ ነበር ከእውነተኛው እኩል ይነግረናል። ደግሞም ከ1529 ጀምሮ በነበረው የኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ነደዋል። ከዚያ በኋላ የተጻፈ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ የጠፋውን በትዝታ መልሶ መጻፍም አለ።

በጎንደር ዘመን ጽሑፉ ከነገሥታት እጅ ወጥቶ ወደ ተራው ሰው ወረደ። እቴጌ ምንትዋብ ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ሰፊ ጉልት ሰጥተዋል፤ ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ግን በየደብሩ መጻሕፍት ኅዳግ የመሬት ሽያጭ፣ ኑዛዜና የሙግት ውሳኔ መጻፉ ነው። ማን ለማን በስንት ሸጠ፣ ዋሱ ማን ነው፣ እማኙ ማን ነበረ። ቤተ ክርስቲያኑ የአገሩ መዝገብ ቤት ሆነ።

በኦዳ ሥር የሚወጣ ሕግ

ይህ ሁሉ በሰሜን ሲሆን ምዕራብ ሸዋ ሌላ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሜጫ ኦሮሞ በዚህ አገር ሰፈረ። የሜጫ መሰብሰቢያ ኦዳ ቢሲል ከአምቦ በስተ ምዕራብ ነው፤ ሕጉንም ያወጣው መኮ ቢሊ እንደሆነ የቃል ታሪክ ይናገራል። አባ ባሕርይ በ1593 በጻፉት ድርሰት ገርሟቸው እንደ መዘገቡት፣ ይህ ሕዝብ ንጉሥ የለውም፤ ለ8 ዓመት የሚመሩትን ሉባዎች ይታዘዛል፤ 8 ዓመቱ ሲሞላ ሌሎች ይተካሉ።

የጉልት ሰነድን ከተመለከትን በኋላ ወደዚህ የሉባዎች ሥርዓት፣ ወደ ገዳ፣ ስንመጣ ልዩነቱ ይጎላል። እዚያ የሥልጣን ምንጭ ሰጪው ንጉሥ ነው፤ እዚህ የሚሰጥ የለም፤ ምንጩ ጉባኤው፣ ጨፌው፣ ነው። እዚያ ስጦታው ለዘላለም ነው፤ እዚህ ሥልጣኑ ቀን የተቆረጠለት ነው። እዚያ ሕጉ የሚጠበቀው በብራና ነው፤ እዚህ በጉባኤ እየታወጀና በአዋቂዎች እየተደገመ ነው። አባ ገዳው ሕግ ከጣሰ ከወንበሩ ሊወርድ ይችላል። ሥርዓቱ እንከን አልባ ነበር ማለቴ አይደለም፤ በጊቤ በኩል የጦር መሪዎች እየበረቱ መጥተው በ19ኛው መቶ ዓመት ነገሥታት ወጥተዋል። ግን ገዥን በሕግ መገደብ ከራኒሚድ ሜዳ በስተቀር የትም አልታሰበም የሚል ሰው ኦዳ ቢሲልን አልሰማም። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በ2016 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ» ከተባለ ቆይቷል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ ራስ ጎበና ለምኒልክ አገሩን ሲያስገብሩ፣ ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ማሳ ላይ ተገናኙ። በሜጫ ዘንድ መሬት የሚታወቀው በቀዳሚ ያዥነት ነበር፤ ቀድሞ ያቀና ጎሣና ቤተሰብ ባለቤት ነው። ከሸዋ የመጡት ቀላድ የሚባል የጠፍር ገመድ ይዘው መጡ። መሬቱ በጋሻ ተለካ፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ከተለካው ሲሶው ለባላባቱ ተተወ፤ የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደሩና ለቤተ ክርስቲያን ተከፈለ። ለደብሩ አገልጋዮች ሰሞን፣ ለወታደሩና ለሹሙ ማደሪያ፣ ለታላላቁ መኳንንት ርስተ ጉልት ሆነ። አራሹ ገባር ተባለ። ባላባቱ፣ በአካባቢው ቆሮ የሚባለው፣ ግብሩን ሰብስቦ ለሹሙ ለመልከኛው ያደርሳል፤ ገባሩም ከግብሩ ሌላ እህል ይፈጫል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በሰሜን ጉልት በቆየ ርስት ላይ የተጫነ ነበር፤ አራሹ ግብሩን ይክፈል እንጂ መሬቱ ከእጁ አይወጣም፤ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባላል። በምዕራብ ሸዋ ግን ከሥሩ ያለው ርስት አስቀድሞ በቀላድ ተቆርጦ ስለነበር፣ ጉልቱ ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ። ብዙ አራሽ በአባቱ ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ስሙ አንድ ቢሆንም ያስከተለው ነገር አንድ አይደለም፤ «ጉልት» በላስታና በአምቦ አንድ ዓይነት ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው በአንዱ አገር ያለውን ለሌላው እየሰጠ ነው። የዚህን ዘመን የመሬት ዓይነትና የግብር ሥርዓት በዝርዝር ማየት የሚፈልግ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ዝክረ ነገር» ያገላብጥ፤ ብዙ መዝገብ አለበት።

የመስጠቱ ልማድ ዘመናዊ ልብስ ሲለብስም አልተለወጠም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ተብሎ ነው የቀረበው። አንቀጾቹ ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ወስደዋል፤ መንፈሱ ግን የላሊበላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይሰጣሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። የንጉሡ አካልም ቅዱስ፣ ክብሩም የማይደፈር መሆኑን ያውጃል። አዋጆቹን የሚያትመው ሹም ማዕረጉ ገና ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር።

ጉልት የሞተው በአንድ ቀን አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመሬት ግብር በገንዘብ ሆኖ ወደ ግምጃ ቤት እንዲገባ አዋጆች ወጡ፤ በገባሩ ላይ የነበረው የጉልበት ሥራም በሕግ ቀረ። ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት ያላቸው ግን በመካከል ቆመው ከግብሩ ድርሻቸውን መያዛቸውን ቀጠሉ። ይህን ያስቀረው በ1958 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተዋል። ለአራሹ ሲሶ የሚለው አሮጌው ክፍፍል ለእነሱ አልበቃም። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ተወሰደ። የወንጌሉ ውግዘት ከዚያ ወዲህ ለንባብ እንጂ ለሙግት የሚያገለግል አልሆነም።

አሁን በአምቦና በጉደር ዙሪያ ያለ ገበሬ መሬቱን የሚያስረዳው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ይጻፋል፤ የማሳው ስፋትና አዋሳኞቹ እነማን እንደሆኑ ይሰፍራል። የሚሰጠው የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። ባለ ደብተሩ ለልጁ ያወርሳል፤ ለተወሰነ ጊዜ ያከራያል፤ መሸጥ ግን አይችልም።